አንድ ወንበር ወደ አዲስ አበባ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጠዋት፤ አስካለ በአውሮፕላን ትኬት ቢሮዋ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም መርዕድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ፊቷ ቆሟል።)

መርዕድ፦ ሞልቷል ማለት ምን ማለት ነው? ይሄን የሚያህል አውሮፕላን ለእኔ አንድ ወንበር ያጣል?

አስካለ፦ አውሮፕላኑ አንተን ለይቶ አያውቅህም። ሞልቷል አልኩህ፣ ሞልቷል።

መርዕድ፦ ሌላ በረራስ የለም?

አስካለ፦ የማታው አለልህ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው የሚነሣው። ልቁረጥልህ?

መርዕድ፦ የማታው ምን ያደርግልኛል! እህቴ ሸዋዬ ጠዋት ደውላ «እማማን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ድረስ» አለችኝ እያልኩሽ እኮ ነው።

አስካለ፦ ትንሽ ነው ወይስ ቶሎ ነው? አንዱን ምረጥ።

መርዕድ፦ እኔ ምን አውቄ! የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።

አስካለ፦ ትንሽ ካመማት ምን ያስሮጥሃል? መኪና አለልህ። መናኸሪያ ሂድና ከፊት ወንበር ያዝ። ቁልቢን ትወጣለህ፣ ነፋሱን እየበላህ ሂርናን ታልፋለህ፣ አሰበ ተፈሪ ምሳህን ትበላለህ፣ አዋሽ ላይ ውሃ ትጠጣለህ፣ ሲመሽ ቤትህ ነህ። አገር ማየትም ነው።

መርዕድ፦ አገር ማየት? እየቀለድሽ ነው? በአውሮፕላን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ቀኑን ሙሉ ልንገላታ?

አስካለ፦ ስንት አልክ?

መርዕድ፦ አንድ ሰዓት አይሞላም አልኩ። አንቺ ነሽ እንዴ ይሄን የምትጠይቂኝ? ሥራሽ አይደለም?

አስካለ፦ አይ፣ አታውቀውም ብዬ ነው። ታውቀው ኖሯል ለካ።

መርዕድ፦ ምን ለማለት ነው?

አስካለ፦ ምንም። ዕድሜ ይስጥህ፣ አወቅኩልህ ለማለት ነው።

መርዕድ፦ አስኩዬ፣ በናትሽ አሁን የነገር ጊዜ አይደለም። ሦስት ቢሮ ዞሬ ነው የመጣሁት። ሁሉም «አስካለ ጋ ሂድ፣ እሷ አንድ መላ አታጣም» ነው የሚሉኝ።

አስካለ፦ ለካ ሰው ልኮህ ነው። እኔ ደግሞ ናፍቄህ መስሎኝ ነበር። ድሬ መቼ ገባህ?

መርዕድ፦ ሰኞ ነው። ለሥራ ነው፣ ከሆቴል ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ሆቴል፣ ራሴን የማክበት ጊዜ አላገኘሁም።

አስካለ፦ ከሰኞ ጀምሮ በዚች እፍኝ በማትሞላ ከተማ ስትንጎማለል የእኔ ደጅ አልታየህም። ዛሬ ወንበር ሲጠፋ ግን ባጃጅ ይዘህ ከች! የወንድምህ ሚስት መሆኔ ትዝ አለህ?

መርዕድ፦ እሺ፣ ጥፋተኛ ነኝ። ልክ ነሽ። እናቴን አይቼ ስመለስ ቤትሽ መጥቼ ትሰድቢኛለሽ፣ ምሳ እየበላሁ እሰደባለሁ። አሁን ግን ያንን ኮምፒውተር እስቲ አንዴ ደግመሽ እዪው። ሰው ይቀራል፣ ሰው ይሰርዛል።

አስካለ፦ አንድ ወንበር ነበር።

መርዕድ፦ ይኸው! ይኸው አላልኩሽም?

አስካለ፦ ነበር አልኩ። ጎህ ሲቀድ ተያዘ።

መርዕድ፦ በማን?

አስካለ፦ በአንዲት ሴት።

መርዕድ፦ ታውቂያታለሽ?

አስካለ፦ በደንብ።

መርዕድ፦ ስልኳን ስጪኝ። ልለምናት። የኢትዮጵያ ሰው ናት አይደል? አንጀት አላት አይደል?

አስካለ፦ ነበራት። አሁን መኖሩን እንጃ።

መርዕድ፦ ስጪኝ ግዴለሽም፣ እኔ እለምናታለሁ።

አስካለ፦ ምን ብለህ? እስቲ እኔን ሴትዮዋ ነሽ በለኝና ለምነኝ፣ ያዋጣህ እንደሆነ ልይልህ።

መርዕድ፦ አሁን ይሄ የልጅ ጨዋታ…

አስካለ፦ ካልፈለግክ ተወው።

መርዕድ፦ እሺ፣ እሺ! እህቴ፣ እንደምን አደርሽ። መርዕድ እባላለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ታማብኛለች። ያለሷ ማንም የለኝም። የዛሬን ወንበርሽን ልቀቂልኝ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስመርቅሽ እኖራለሁ።

አስካለ፦ «ውይ የኔ ወንድም፣ ምን ሆኑብህ?» ትልሃለች።

መርዕድ፦ ትንሽ አሟት ነው።

አስካለ፦ «ትንሽ ከሆነ እኔም ጉዳይ አለኝ፣ አንተ በመኪና ሂድ» ትልሃለች።

መርዕድ፦ ትንሽ ቢሆንማ ማን ይጠራኝ ነበር! ቤተሰብ ሩቅ ያለን ሰው «ትንሽ አሟት» ብሎ የሚጠራው መቼ…

አስካለ፦ ምነው ቆምክ? ጨርሰው እንጂ።

መርዕድ፦ … ሲብስ ነው።

አስካለ፦ ጎሽ። ያንን ቋንቋ አሳምረህ ትሰማዋለህ ማለት ነው። መናገሩንማ ከማንም በላይ ትችልበታለህ። በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ እኮ።

መርዕድ፦ አስካለ፣ እባክሽ ወደሱ አትሂጂ።

አስካለ፦ የት ልሂድ ታዲያ? ከዚያ ቀን ወዲህ የት ሄጄ አውቃለሁ? «ደግፌ ተሽሎታል፣ ትናንት ማታ ሾርባ ጠጣ፣ አትጨናነቂ፣ ቀስ ብለሽ በመኪና ነይ።» አንድ ቃል ሳትሳሳት ነው የነገርከኝ። ድምፅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም!

መርዕድ፦ መርዶ በስልክ አይነገርማ! ወግ ነው፣ እኔ ያመጣሁት አይደለም። ብቻሽን ቤት ውስጥ ሆነሽ «ባልሽ ሞተ» ልበልሽ? አንድ ነገር ብትሆኚስ?

አስካለ፦ ወጉ ገብቶኛል። ወጉን ከአንተ አልማርም። ወጉ መርዶ ደብቁ አለ እንጂ ቀብር ደብቁ መቼ አለ? «ብሶበታል፣ አውሮፕላን ያዢ» ብትለኝ ወግህ ይፈርስብህ ነበር? ይሄው ሸዋዬ አንተን «ቶሎ ድረስ» ብላሃለች አይደል? እሷ ወግ አታውቅም?

መርዕድ፦ ያኔ ጭንቅላቴ ልክ አልነበረም…

አስካለ፦ እኔ ምን ሳደርግ እንደዋልኩ ታውቃለህ? አውቶቡሱ ላይ ስስቅ! አጠገቤ አንዲት ጨዋታ አዋቂ ሴትዮ ተቀምጣ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ስስቅ ዋልኩ። ባሌ ተሽሎታላ! አሰበ ተፈሪ ላይ ወርጄ ጊሽጣ ገዛሁለት፣ ሲበስል ይወዳል ብዬ አንድ በአንድ እየነካሁ መረጥኩ። እኔ ጊሽጣ ስመርጥ አንተ ወንድምህን አፈር ታለብስ ነበር።

መርዕድ፦ በቃሽ አስካለ።

አስካለ፦ አልበቃኝም። ሰፈራችሁ ስደርስ ድንኳን አየሁ። ጎረቤት ነው ብዬ። እግዜር ያሳይህ፣ ጎረቤት የሞተ መስሎኝ፣ «ሳልደርሳቸውማ አላልፍም» ብዬ ነጠላዬን በወጉ አዘቅዝቄ ገባሁ! ጊሽጣዬን አንጠልጥዬ! ሴቶቹ ሲያዩኝ ሙሾው ቆመ። «የማን ለቅሶ ነው?» አልኩ። የባሌን ለቅሶ የማን ነው ብዬ ጠየቅኩ መርዕድ! ማንም አልመለሰልኝም። አንተ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ታያለህ።

መርዕድ፦ ምን ብዬ ቀና ልበል? ፊትሽን የማይበት ዓይን ነበረኝ?

አስካለ፦ ለዚያ ዓይን ሲያጥርህ ዛሬ እዚህ መጥተህ የምታፈጥብኝን ዓይን ከየት አገኘኸው?

መርዕድ፦ እሺ፣ በድያለሁ። ግን እናቴ ምን አደረገችሽ? ቂምሽን በሷ የምትወጪብኝ ምን የሚሉት ነው? እሷ አንቺን እንደ ልጇ ነው የምታይሽ። በደግፌ አጥንት ይዤሻለሁ…

አስካለ፦ አፍህን ያዝ! አጥንቱን የቀበርክ አንተ፣ የምትምልበትም አንተ! ለእኔ ምን ተረፈኝ?

መርዕድ፦ እሺ አልምልም፣ አልምልም። ብቻ… ቆይ። ቆይ እስቲ።

አስካለ፦ ምን ሆንክ ደግሞ?

መርዕድ፦ ነጠላሽ።

አስካለ፦ ነጠላዬ ምን ሆነ?

መርዕድ፦ ጥለቱ ትከሻሽ ላይ ነው። አዘቅዝቀሽዋል።

አስካለ፦ አሁን ነው ያየኸው?

መርዕድ፦ አሁን የነገርሽኝን እያሰብኩ ነው ያየሁት። ማን ሞቶብሽ ነው?

አስካለ፦ ማንም አልሞተብኝም። በጥድፊያ ነው የለበስኩት።

መርዕድ፦ በጥድፊያ ሰው ነጠላ አያዘቀዝቅም። በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ቢሮ፣ ጥቁር ቀሚስ… አስካለ፣ ዓይኔን እዪኝ። ሸዋዬ ደውላልሻለች አይደል? ለኔ ከመደወሏ በፊት ላንቺ ደውላለች።

አስካለ፦ እኔ ምንም አልነገርኩህም። ቃል አስገብታኛለች።

መርዕድ፦ እማዬ! እማዬ ሞታለች?

አስካለ፦ አልነገርኩህም አልኩህ! አፌን ይዤ ነበር። ይሄ የተረገመ እጄ ነው፣ ስልኩን ዘግቼ ሳላስበው አዘቀዘቀው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ነገር በአንድ ነጠላ አበላሸሁት።

መርዕድ፦ እናቴ! እናትዬ! ወይኔ መርዕድ! ምኑን ጠበቅሽ አንቺ? ምኑን ነው የጠበቅሽው?

አስካለ፦ እንድትስቅ። አውቶቡስ ላይ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር እየሳቅክ እንድትሄድ። አዋሽ ላይ ወርደህ ለእናትህ ብርቱካን እንድትገዛላት። ከዚያ እንደ እኔ ከድንኳኑ በር እንድትደርስ። ይሄው ነው። ሰው ምን ክፉ ሴት ናት ይበለኝ፣ ግድ የለኝም። እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር ይሄንን ነበር የማስበው።

መርዕድ፦ እግዜር ይይልሽ!

አስካለ፦ ይየኝ። አንተንም አይቶሃል።

መርዕድ፦ ቀብሩ መቼ ነው?

አስካለ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

መርዕድ፦ ዛሬ? ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት? እንግዲያ በአውሮፕላኑ እደርሳለሁ! ደርሼ ጊዜም ይተርፈኛል። ሴትዮዋን! ያቺን ሴትዮ ጥሪልኝ፣ እናቴ ሞተች እላታለሁ፣ ለዚህማ ጠላትም ይለቃል!

አስካለ፦ ሴትዮዋ ሰምታሃለች።

መርዕድ፦ የታለች?

አስካለ፦ እያናገርካት ነው።

መርዕድ፦ … አንቺ ነሽ?

አስካለ፦ እኔ ነኝ። እማማ በለጡን ልቀብር ነው የምሄደው። በዚያ ቤት ስሜን ያነሳች አንዲት ሰው እሷ ነበረች። «የልጄ ሚስት ሳትደርስማ አይቀበርም፣ ይደር» ብላ እንዳለቀሰች፣ አንተ «ሬሳ አያድርም» ብለህ ጮኸህ አፏን እንዳዘጋሃት፣ ኋላ እሷው ናት እግሬን እያጠበች የነገረችኝ። ለባሌ አልደረስኩም። ለሷ እደርሳለሁ።

መርዕድ፦ ሙቀት ነበር፣ ሬሳ በሙቀት…

አስካለ፦ ሐምሌ ነበር! ዝናቡ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ነበር! የምን ሙቀት ነው የምታወራልኝ?

መርዕድ፦ ስልኬን… ስልኬ የት ገባ… ሸዋዬ? ሸዋዬ፣ እኔ ነኝ። አትደብቂኝ፣ አውቄያለሁ። አዎ። አዎ፣ አስካለ ጋ ነኝ። ስሚኝ፣ እህቴ፣ ቀብሩን አሳድሩልኝ። ለነገ አድርጉልኝ፣ በእግዜር፣ በመኪና ስመጣ ይመሻል። … ምን? ጡሩንባ ተነፍቶ ቢሆንስ? እድሩን ንገሪያቸው እንጂ፣ ልጇ መንገድ ላይ ነው በያቸው። … ሰው ተጠርቷል ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ይበልጣል? ሰው ከእኔ ይበልጣል ሸዋዬ? … ወንበር አለ ብላሻለች? … እሺ። እሺ በቃ፣ አታልቅሺ። ቻው።

አስካለ፦ ምን አለችህ?

መርዕድ፦ ሰዉ ተጠርቷል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ አይሆንም አለችኝ። አንቺ ወንበር አለ ብለሻታል።

አስካለ፦ አለ ብያታለሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

መርዕድ፦ አስካለ…

አስካለ፦ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን በስልክ ምን ነበር የምትለምነው? ቀብሩ ይደር? ሬሳ ያድራል እንዴ?

መርዕድ፦ አሁን ይሄን ተይው።

አስካለ፦ መልስልኝ እንጂ። ለአንተ ሲሆን የሚያድር ሬሳ ለእኔ ምነው አላደረም? ውሸት እንዳትነግረኝ። ዛሬ ውሸትህን የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።

መርዕድ፦ እሁድ ነበር።

አስካለ፦ እሁድ ቢሆንስ?

መርዕድ፦ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። አለቆቼ ነበሩ። መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ነበር። ለሰኞ ቢያድር ሰዉ ሥራ ይገባል፣ ማንም አይመጣም። ደግሞ አንቺ ቀድመሽ ከደረስሽ «ባሌን ድሬዳዋ ወስጄ እቀብረዋለሁ» ትያለሽ፣ እማዬም ትደግፍሻለች ብዬ ፈራሁ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ባዶ ድንኳን ይዤ ልቀር ነው ብዬ…

አስካለ፦ ለሰው ብለህ ነው።

መርዕድ፦ ደግፌ በትንሽ ሰው እንዳይቀበር ብዬ ነው!

አስካለ፦ ለደግፌ ነው ለራስህ?

መርዕድ፦ … ለራሴም።

አስካለ፦ እኔን ያክል ሰው ነስተኸው፣ ለእሱ ሰው አበዛህለት። አለቆችህ አፈር ሲያለብሱት ሚስቱ አዋሽ ድልድይ ላይ ነበረች። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ትልቅ ምክንያት ይኖረዋል እያልኩ! የማላውቀው ጉድ ቢኖር ነው እያልኩ! ለመኪና ብዛት ነው ለካ። ልቤ በንዴት ይፈነዳል አሁን!

መርዕድ፦ ድንጋይ ተሸክሜ እግርሽ ላይ ልውደቅ። አሁን፣ እዚሁ፣ ሰው እያየ ልውደቅ። በመስኮት የሚያልፈው ሁሉ ይይብኝ።

አስካለ፦ ሰው ያያልና ነው አሁንም? ተነስ፣ ሱሪህን አታቆሽሽ። ሰው አይሰለችህም እንዴ አንተ ሰውዬ!

መርዕድ፦ ታዲያ ምን ላድርግልሽ? ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቼክ ኢን ሊዘጋ ነው። ምን ትፈልጊያለሽ? የምትፈልጊውን ንገሪኝ!

አስካለ፦ መርዶዬን።

መርዕድ፦ ምን?

አስካለ፦ እስከ ዛሬ ባሌ መሞቱን የነገረኝ ሰው የለም። አንድም ሰው። ድንኳን አይቼ፣ ጥቁር ልብስ አይቼ፣ ጫማህን ስታይ አይቼ ነው ያወቅኩት። የመንደሩ ውሻ እንዴት እንዳወቀ፣ እኔም እንዲያ ነው ያወቅኩት። መርዶ ይነገራል መርዕድ። ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ሰው ይከበባል፣ ስም ይጠራል፣ እጅ ይያዛል። ያንን የመንገር ዕዳ ያለብህ አንተ ነበርክ። አሁን ንገረኝ።

መርዕድ፦ ይሄ ምን ያደርግልሻል? ታውቂዋለሽ እኮ።

አስካለ፦ ንገረኝ። እንደ ወጉ። ወግ ትወድ የለ?

መርዕድ፦ ከነገርኩሽ ወንበሩን…?

አስካለ፦ መታወቂያህን እዚህ ላይ አስቀምጥ። እና ቁም። ጫማህን አትይ፣ እኔን እየኝ።

መርዕድ፦ ይኸው መታወቂያዬ። … አስካለ።

አስካለ፦ አቤት።

መርዕድ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደግፌ አርፏል።

አስካለ፦ አርፏል አትበለኝ። ደክሞት ነው እንዴ የሚያርፈው? ሞተ በል።

መርዕድ፦ ሞተ። ባልሽ ሞተ፣ አስካለ።

አስካለ፦ … ወይኔ ደግፌ። ወይኔ ጓዴ።

መርዕድ፦ አይዞሽ። እጅሽን ስጪኝ።

አስካለ፦ እጄን ተወው። መታወቂያህን አቀብለኝ። ስምህ እዚህ ላይ በሁለት «ዲ» ነው የሚጻፈው ወይስ በአንድ?

መርዕድ፦ በአንድ። በአንድ ነው። እግዜር ይስጥሽ አስኩዬ! እግዜር ያክብርሽ! አውቅ ነበር እኮ፣ ልብሽ እንዲህ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እማዬም «አስካለ ወርቅ ናት» ትል ነበር። ደግፌም ቢሆን ሌላ ስም አይጠራም ነበር፣ እስከ መጨረሻው ካንቺ ስም በቀር ከአፉ ሌላ አልወጣም።

አስካለ፦ ምን አልክ?

መርዕድ፦ ሲጠራሽ ነበር እያልኩሽ ነው። ደስ እንዲልሽ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር «አስካለ ናት?» ይል ነበር።

አስካለ፦ መቼ? ሊሞት ሲል?

መርዕድ፦ አይ፣ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ። ሦስት ቀን ሙሉ። ነርሶቹ ራሳቸው «አስካለ የሚሏት ማናት?» እስኪሉ ድረስ። … ምነው ቆምሽ? መጻፉን ጨርሺ እንጂ።

አስካለ፦ ሦስት ቀን በሕይወት ሆኖ ይጠራኝ ነበር?

መርዕድ፦ ሐኪሙ ይድናል ብሎን ነበር። እኔም ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም። ሲድን ሁለታችሁም ትስቁበታላችሁ ብዬ…

አስካለ፦ እኔ እዚህ በየማታው ስደውል «ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው» ትለኝ ነበር።

መርዕድ፦ ስልክ እንዳያደክመው ብዬ ነው። አስካለ፣ ሰዓቱ!

አስካለ፦ አንድ ሰዓት ነበር መርዕድ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኑ ከሚንከራተት ሰው ጋ ለመድረስ እኔን አንድ ሰዓት ይበቃኝ ነበር። በእግርሽ ነይ ብትለኝ እንኳ እደርስ ነበር።

መርዕድ፦ ነገርኩሽ እኮ! ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ፣ መርዶሽን ነገርኩሽ፣ ምንም አልደበቅኩሽም!

አስካለ፦ አልደበቅከኝም። ስምህን ጨርሼ ነበር፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ነበር የቀረኝ። ቀሎኝም ነበር፣ እውነቴን ነው። እንካ መታወቂያህን።

መርዕድ፦ አስካለ! አስካለ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪ! እናቴ ናት እኮ! አፈር የሚያለብሳት ልጇ እኔ ነኝ!

አስካለ፦ አታስብ፣ በአንተ ፈንታ እኔ አለብሳታለሁ።